የካሪቡ ታፋ ተሰጠኝ፤ ክትፎ ባደርገው ምን ይመጣብኛል?

የወልቂጤው

ሰላም ለቤቱ። ያለሁት አላስካ ነው፤ ትልቋ ከተማ አንኮሬጅ እንዳይመስላችሁ፣ ኮትዘቡ የምትባል ከተማ ነኝ። ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ወደ ላይ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠች፣ ወደ 3,000 ሰው የሚኖርባት ናት። ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኝ መንገድ የላትም፤ ሰውም ዕቃም በአውሮፕላን ነው የሚገባው፣ በበጋ ደግሞ ጀልባ አለ። እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አራግፋለሁ። ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እስካሁን ያየሁት ሐበሻ መስታወት ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዬ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ የአገሬው ሰው አለ፤ ኢኑፒያክ ነው። መኸር ላይ ካሪቡ አድኖ ይመለስና ለአዛውንቱ፣ ባል ለሞተባት፣ ለጎረቤት ያከፋፍላል። እዚህ የአደን ሥጋ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ለእኔም አንድ ሙሉ ታፋ ሰጠኝ። ካሪቡ የዋልታ አጋዘን በሉት፤ እነሱ ቱቱ ይሉታል። ሥጋው ጥቁር ቀይ፣ ጮማ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ሽታው ንጹሕ። እዚህ ሱቅ ያለውን የሥጋ ዋጋ ያየ ሰው ይህ ስጦታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጉራጌ ነኝ። እናቴ የላከችልኝ ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጠው እኔን ያዩኛል፣ እኔም እነሱን አያለሁ። ሥጋው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ወር ሊሞላው ነው። እነሱ ራሳቸው የበረደውን ጥሬውን እንደ ቁርጥ እየላጡ ሲል በሚባል የባሕር እንስሳ ዘይት እያጠቀሱ ይበሉታል፤ ስሙ ኳቅ ይባላል። እንግዲህ እነሱ ከበሉት እኔ ክትፎ ባደርገው ምን ይለኛል?

የሚያጠራጥረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ታፋውን ስበልት ጡንቻው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጫጭ ነገሮች አየሁ። አምስት ስድስት ይሆናሉ። ኮሶ ነው? ኮሶ ከሆነ አልፈራውም፤ በልጅነቴ የጠጣሁት ይበቃኛል፣ መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ።

ጥሬ ወዳድ

ወንድሜ አንተ ታድለሃል። እኛ ዳላስ ቁጭ ብለን በሆርሞን ያበጠ በሬ እንበላለን፣ አንተ ተራራ ላይ ሣር ግጦ ያደገ አውሬ ይዘህ ትጠይቃለህ! ለብለብ አርገው፣ ሚጥሚጣውን አትቆጥብ፣ በላዩ አንድ መለኪያ አረቄ። ምንም ነገር አይተርፍም። አባቴ 80 ዓመቱ ነው፣ ዛሬም በየበዓሉ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል።

ገብረ ሥላሴ

ከጤናው በፊት የሃይማኖቱን ነገር ብናነሣ። ካሪቡ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ስለሆነ በዓይነቱ የተፈቀደ ነው፤ ኦሪት ዋላንና አጋዘንን ከሚበሉት ትቆጥራለች። ሲልና ድብ ግን አይሆንም። ደግሞ በጥይት የወደቀ እንጂ በስመ ሥላሴ የታረደ አይደለም፤ ለንስሐ አባትህ ደውልላቸው።

የወልቂጤው

ደውያለሁ። «ልጄ እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ትበላለህ?» ብለው አዘኑልኝና ነገሩን በዚያው አለፉት። የድብ ሥጋም ተሰጥቶኝ ነበር፤ እሱን በአክብሮት መልሻለሁ።

የበሬ ሐኪም

ስሜን አልጽፍም፤ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምሬ፣ ቦረና ስምንት ዓመት ሠርቼ፣ አሁን ካናዳ ነኝ። ስለዚህ የአንተንም የእነሱንም ጥሬ ሥጋ በመጠኑ አውቀዋለሁ።

ከሩዙ ፍሬ ልጀምር፤ በጣም ያስፈራህ እሱ ስለሆነ፣ ደግሞም ምንም የማያደርግህ እሱ ስለሆነ። ያ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፣ ግን የእኛ አይደለም። የእኛ ኮሶ ከበሬ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ በሬ ይዞራል። ያንተ ካሪቡ ውስጥ ያለው ከካሪቡ ወደ ተኩላና ወደ ውሻ ነው የሚዞረው፤ የሰው አንጀት ውስጥ አያድግም። ቆርጠህ ጣለው፣ ወይም ሥጋውን አብስለህ ከነእሱ ብላው። ለጎረቤት ውሻ ግን ጥሬውን አትወርውር። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካየህም እንደዚያው፤ ከእነዚህ አንዳንዱ ውሻ ሆድ ገብቶ ከኩሱ ጋር ሲወጣ ነው ለሰው የሚተርፈው።

የሚያሳስበኝ የማታየው ነው። ካሪቡ ላይ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አገር ቤት ከብት ሲያስወርድ የምናውቀው፣ ቦረና ላይ ደግሞ ጥሬ የግመል ወተት የሚጠጣውን ሰው የሚይዘው በሽታ ወገን ነው፤ የካሪቡው የራሱ ዓይነት አለው። የታመመው እንስሳ ጉልበቱ ያብጣል፣ ያነክሳል፣ የወንዱ ቆለጥ አንዱ ከሌላው ይተልቃል። ሁልጊዜ ግን አይታይም። ሥጋው ያምራል፣ አይሸትም፣ ቀለሙ አይለወጥም።

አሁን «ፍሪዘር ውስጥ ወር ሊሞላው ነው» ያልከው። ለበሬ ኮሶ ቢሆን ልክ ነህ፤ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የኮሶውን ፍሬ በቀናት ይገድለዋል። ብሩሴላን ግን ቅዝቃዜ አይገድለውም፣ ያቆየዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ እኮ ባክቴሪያውን ለዓመታት የምናስቀምጠው ፍሪዘር ውስጥ ነው! ማድረቅም፣ ማጨስም፣ ጨው መንከርም አያስተማምንም፤ ስለዚህ ቋንጣ ካደረግኸውም በኋላ ወጥ ውስጥ ይብሰል። ለብለብ የሚባለው ደግሞ መሐሉን ሞቅ ከማድረግ አያልፍም። ሚጥሚጣ ምላስህን ነው የሚያቃጥለው። የአረቄውን ነገር ለጻፈው ወንድማችን፦ አረቄው ሆድህ ሲገባ ከምራቅህና ከጨጓራህ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል፤ አባትህ 80 የደረሱት አረቄው ጠብቋቸው ሳይሆን ዕድለኛ ስለሆኑ ነው።

መሐሉ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ይድረስ፤ የሥጋ ቴርሞሜትር ግዛ። ስትበልት ጓንት አድርግ፤ በእጅ ቁስልም ይገባል። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቀጥታ መልስልኝ። እስካሁን ጥሬውን ቀምሰሃል?

እሙዬ ዘሚኒሶታ

ነርስ ነኝ። ድቡን የመለስከው ጎሽ። እዚህ ሰፈራችን ያወሩትን ልንገርህ፤ የ2022 ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ ሳውዝ ዳኮታ ተሰብስቦ ከካናዳ፣ ከሳስካችዋን የመጣ የድብ ሥጋ ጠበሰ። 45 ቀን ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ነበር። ሥጋው በተፈጥሮው ጥቁር ስለሆነ ጥሬ ይሁን የበሰለ በዓይን አይለይም፤ መብላት ከጀመሩ በኋላ ነው አለመብሰሉን አውቀው መልሰው የጠበሱት። ስድስት ሰው ታመመ። ከስድስቱ ሁለቱ ሥጋውን አልነኩም፤ አብሮ የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነው የበሉት። ትሪኪኔላ የሚባል ትል ነው። የአሳማው ዓይነት በፍሪዘር ይሞታል፣ የሰሜን ድብና ዋልረስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ዓይነት ግን ቅዝቃዜ ለምዶ ያደገ ነው፣ አይሞትም።

እና የበሬ ሐኪሙን ጥያቄ መልስለት። እኔም እጠብቃለሁ።

የወልቂጤው

እሺ። እናንተ ላይ ልዋሽ አልችልም።

ኳቁን ሦስት ጊዜ በልቻለሁ፣ በስሱ። ግን እሱ አይደለም። ያደነ ቀን ቤቱ ጠርቶኝ ስንበልት አብሬው ዋልኩ፤ ጓንት አልነበረኝም፣ አውራ ጣቴም በካርቶን ተቆርጦ ነበር። ሲጨርስ ቅልጥሙን በቢላው ጀርባ መትቶ ለሁለት ሰነጠቀውና መቅኒውን ከነሙቀቱ ሰጠኝ። ቅልጥም! ከመስቀል ወዲህ ቅልጥም በዓይኔ አላየሁም። እምቢ እንዴት እላለሁ? ሰውየው ደግሞ ዝርክርክ አይምሰላችሁ። አምና አንድ ጉልበቱ ያበጠ ካሪቡ ጥሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ይህኛው ታሟል» ብሎ ሳይነካው ነው የሄደው። ያንን ስላየሁ ነው ያመንኩት።

ይኸው 24 ቀን ሆነኝ። ጥያቄውን የጻፍኩት ለክትፎው ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ነገራችሁን ሳነብ ደነገጥኩ። አንድ ሳምንት ሊሆነኝ ነው ማታ ማታ ፒጃማዬ እስኪጨመቅ ያልበኛል፤ ጠዋት ደህና ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለኛል። ወገቤ ደግሞ ዕቃ ከማንሣት ነው ብዬ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ከአገር ቤት የያዝኩት አሞክሲሲሊን አለ፤ ልጀምረው?

እሙዬ ዘሚኒሶታ

አትጀምር!! የኔ ወንድም፣ ያንን አሞክሲሲሊን ዝጋው። በሽታውን አያድነውም፣ ምርመራውን ግን ያበላሸዋል። ነገ ጠዋት ክሊኒክ ሂድ፤ ስትገባ «ጉንፋን ነው» አትበላቸው። «ጥሬ የካሪቡ መቅኒ በልቻለሁ፣ በቆሰለ ባዶ እጄ ሥጋውን ቆራርጫለሁ፣ የማታ ላብ አለኝ፣ ብሩሴላ እንዳይሆን» በላቸው። በዚህ ቅደም ተከተል። አገር ቤት ስንቱ ሰው ታይፎይድ ነው ወባ ነው እየተባለ ወር ሙሉ ሲመላለስ የኖረው ስለ ወተቱ ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ቆለጥህ ላይ ሕመም ወይም እብጠት ካለ እሱንም ንገራቸው፤ አትፈር። ይህ በሽታ ወንዶችን እዚያ ይይዛቸዋል።

የበሬ ሐኪም

እሷ ያለችውን ሁሉ። እኔ አንድ የምጨምረው አለኝ፣ ከራስህ ይልቅ ለሌላ ሰው የሚጠቅም። ደምህ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ ወረቀቱ ላይ ብሩሴላ እንደተጠረጠረ መጻፉን አረጋግጥ። ባክቴሪያው ሳህን ላይ ካደገ በኋላ በአየር ይበናል፤ ሳያውቁት የከፈቱት ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ተይዘዋል። የሥራ ባልደረቦቼም ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ ነው የምጮኸው።

ስለ ሽማግሌው ልክ ነህ። ያበጠውን መተው ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ብዙ በሽተኛ እንስሳ ያስቀርልሃል። ሁሉንም አያስቀርም፤ ደህና የሚመስልም ይይዘዋል። መቅኒ ደግሞ ባክቴሪያው ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ድሮ ናክኔክ

ሰላም። እኔ እዚያው አላስካ፣ ብሪስቶል ቤይ ዓሣ ፋብሪካ አራት ወቅት ሠርቻለሁ፤ ሐበሻና ሱማሌ ሞልቶ ነበር። ካሪቡውን ለሐኪሞቹ ልተወው። አንተ እዚያ ስላለህ ግን ስለ ባልዲው ማንም እንዳልነገረህ አይቻለሁ።

የሳልሞን ጭንቅላት፣ የቢቨር ጅራት፣ የሲል እጅ፣ እነዚህን ቀብረው አብላልተው ይበላሉ። የጥንቱ አሠራር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሣር ተነጥፎ፣ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ነበር። በኋላ የላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ መጣ። ሰዉ ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ቶሎ ይደርሳላ! ክዳኑ አየር ይከለክላል፣ ምድጃው ያሞቃል፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው፣ መርዝ የሚያወጣው ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አላስካ በዚህ በሽታ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የምትብሰው በዚህ ነው። 2002 ላይ በምዕራብ አላስካ ባሕር የተፋው የሞተ ነጭ ዓሣ ነባሪ ተገኝቶ፣ ቆዳና ስቡን ቆርጠው በላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው በሉ። ስምንት ሰው ታመመ።

የእኔ ጓደኛ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከባልዲ የወጣ ጭንቅላት ቀምሶ ነበር። በማግስቱ ዳቦ መቁረጫው ጋ ቆሞ «ለምን ሁለት ቢላ አስቀመጣችሁ?» አለን። ሳቅንበት። ከዚያ የዓይኑ ቆብ መውደቅ ጀመረ፣ ከዚያ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ትኩሳት የለውም፣ አእምሮው ንጹሕ ነው። በአውሮፕላን ወሰዱት፤ መድኃኒቱን ሰጡት፣ ተረፈ፣ ግን ማሽን ነው የተነፈሰለት። ሁለት ሆኖ ማየት ከጀመርክ ነገ አትበል። መርዙ መተንፈሻህን ከመያዙ በፊት ነው መድረስ ያለብህ።

የወልቂጤው

ባልዲውን አይቼዋለሁ! ኮሪደራቸው ላይ አለ። እኔ ግን ሳየው የታወሰኝ የእናቴ የቆጮ ጉድጓድ ነው፤ ኮባ ቅጠል ተነጥፎ፣ ተከድኖ፣ ድንጋይ ተጭኖ። እኛም እኮ ቀብረን ነው የምንበላው። ለምን እኛን አይገድለንም?

የበሬ ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆጮ ስታርች ነው። ሲቀበር በውስጡ ያሉት ደህና ባክቴሪያዎች ስታርቹን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ሽታውም መኮምጠጡም ከዚያ ነው። የቦቱሊዝም ባክቴሪያ እንዲህ በኮመጠጠ ነገር ውስጥ አያድግም። ሥጋና ዓሣ ግን የሚኮመጥጡበት በቂ ስኳርም ስታርችም የላቸውም፤ ቃሉ «ማብላላት» ይባል እንጂ ነገሩ መኮምጠጥ አይደለም። በላዩ ላይ ቆጮን ጋግረህ ነው የምትበላው። የቦቱሊዝም መርዝ በደንብ ሲፈላ ይፈርሳል፤ 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ችግሩ ያ ጭንቅላት የሚጣፍጣቸው ሳይፈላ ነው፤ እኔ ለአንድ አዛውንት ቤታቸው ገብቼ «ይህን ቀቅሉት» ለማለት አፍ የለኝም። ቢያንስ ባልዲውን ትተው ወደ ሣሩና ወደ ጉድጓዱ ቢመለሱ ይሻላል፣ ብርድ ቦታም ይሁን። የራሳቸው አያቶች አሠራር ነው፤ እንግዳ ነገር አልነገርካቸውም።

ጥሬ ወዳድ

የአረቄዋን ቃል አንስቻለሁ። ወንድሜ ሄድክ ወይስ አልሄድክም? ሦስት ቀን ሆነህ።

የወልቂጤው

ይቅርታ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር፤ እዚህ ይለመዳል።

ሄድኩ። በተነገረኝ ቅደም ተከተል ተናገርኩ። ነርሷ የአካባቢው ልጅ ናት፤ «መቅኒ» ስል ገና ብዕሯን አስቀመጠች። ደም ወሰዱ፣ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ስጠይቅ «ማን ነገረህ?» አለችኝ። «የበሬ ሐኪም» አልኳት፣ ሳቀች። ደሙ ወደ አንኮሬጅ ይሄዳል። መድኃኒት ወዲያው ጀመሩኝ፤ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል ብለው።

አንድ ነገር ከበደኝ። ማን ማን አብሮ እንደበላ ጠየቁኝ። ሽማግሌውን የከሰስኩ መሰለኝ። ዝም ብዬ ነበር፤ በኋላ ሚስቱን አሰብኩ፣ ልጃቸው ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ተናገርኩ።

እሙዬ ዘሚኒሶታ

ደግ አደረግህ። እርጉዟን በተለይ። ካሪቡ ጥሬው ውስጥ ብሩሴላ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቶክሶፕላዝማም አለ፣ ለፅንስ ክፉ ነው። አገር ቤት ድመት አታስጠጊ የሚሏት ለዚያው ነው።

የወልቂጤው

ከ11 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ብሩሴላ ነው። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒን፣ ስድስት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ሽንቴ ፋንታ ብርቱካን ሆኗል፤ ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ መጀመሪያ ቀን ሽንት ቤት ቆሜ ኑዛዜ ልጽፍ ነበር። ላቡ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ቀነሰ። ወገቤ ገና ነው።

የሽማግሌው ቤተሰብ ተመረመረ። የእርጉዟ ንጹሕ ነው። የእሱ ውጤት አልመጣም፤ እሱ ግን አልተገረመም። ወጣት ሳለ ወንድሙ አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሲያልበው እንደነበር ነገረኝ፤ ያኔ ስም አልሰጡትም። አልተቀየመኝም። ትናንት በሩን አንኳኩቶ ድስት ይዞ ገባ፤ ውስጡ ቅልጥም ነበር፣ እስኪበቃው የተቀቀለ። «አሁን እንደ ነጭ ሰው ቀቀልኩልህ» አለኝ። መቅኒውን በቢላ ጫፍ እያወጣን ሚጥሚጣ ነካ ነካ አድርገን በላን። እሱን ሳል ያዘው፣ እንባው ወረደ፣ ደገመ።

ጥያቄ ለሐኪሞቹ፦ ታፋው ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው። ልጣለው?

የበሬ ሐኪም

ምን በወጣው! ጓንት አድርገህ ከአጥንቱ ለይተህ በትንንሹ ክተፈው፣ ድስት ውስጥ 74 ዲግሪ እስኪደርስ አብስለው፣ ቅቤውን በኋላ ጨምርበት። ቢላውንና መክተፊያውን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠብ፣ ከዚያ በረኪና። ዶክሲሳይክሊኑን ግን ከአይብ ጋር አትውሰድ፤ ወተትና የወተት ነገር ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት ይቀንሰዋል። ሁለት ሰዓት አራርቅ።

የወልቂጤው

አይብ ከየት አምጥቼ ዶክተር፤ ኮትዘቡ ነኝ እኮ።